ብርቅዬው እንስሳ ጠባቂ አለው፤ ብርቅዬው ሕመምተኛስ?

«ብርቅዬ» ሲባል ለኢትዮጵያዊ ቶሎ ትዝ የሚለው ዋልያ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ነው፤ የደጋ አጋዘን ነው። ለእነዚህ እንስሳት ፓርክ ተከልሎላቸዋል። ጠባቂ ተቀጥሮላቸዋል። ጠባቂውም ደመወዝተኛ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ከተከለለ ከ1962 ዓ.ም ወዲህ ስንት መንግሥት ወጣ፣ ስንት መንግሥት ወረደ፤ የዋልያ ነገር ግን እስከ ዛሬ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ደግ ተደረገ! ዋልያ አንዴ ከጠፋ ከየትም ተገዝቶ አይመጣም።

በዚሁ አገር ግን ሌላም ብርቅዬ ፍጡር አለ። ጡንቻው ከዓመት ዓመት እየከዳው የሚሄድ ሕፃን፣ ደሙ አልረጋ የሚለው ሄሞፊሊያ ያለበት ወጣት፣ አጥንቱ እንደ ሸክላ የሚሰበር ልጅ፣ ፀሐይ ቆዳውን ሰው ደግሞ ልቡን የሚያቃጥለው አልቢኖ። ሐኪሞች በጥቅሉ «ብርቅዬ በሽታዎች» ይሏቸዋል። ይህ ፍጡር ፓርክ አይፈልግም። የሚፈልገው ቀርቦ የሚያዳምጠውና ስለ ሕመሙ እውነቱን በቋንቋው የሚያስረዳው አንድ ሰው ነው። እሱም የለም!

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ መድኃኒት አይደለም። የመድኃኒቱ ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ዛሬ የምጽፈው ስለ «አይዞህ» ነው። «አይዞህ» ማለትም የመንግሥት ሥራ ነው፣ በጀት ሊያዝለት ይገባል ብዬ ነው የምከራከረው። ፌዝ የሚመስለው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብና ይፍረድ።

ከሐኪሙ ንግግር የተረፈችው አንዲት ቃል

ዲላ ከአዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በሞያሌው መንገድ ላይ የተቀመጠች የቡና ከተማ ናት። የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማነቷ ሳያንስ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም ሲመሠረት ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ተብላለች። በዚህች ከተማ ነው ከአንዲት እናት ጋር የተገናኘሁት። የመጣችው ከቡሌ በኩል ካለው ደጋ ነው። የእሷንም የልጇንም ስም አልጽፍም። አገሩ ጠባብ ነው፤ ሐሜቱ ደግሞ ሰፊ ነው።

ልጇ ወንድ ነው። መጀመሪያ መሮጥ አቃተው። ቀጥሎ ዳገት መውጣት አቃተው። ከዚያ ከተቀመጠበት ሲነሳ በሁለት እጁ ጭኑን እየተደገፈ በገዛ ሰውነቱ ላይ እንደ መሰላል የሚወጣ ሆነ። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈ። ሪፈሩ ሌላ ሪፈር ወለደ። ቡና ተሸጠ፣ በግ ተሸጠ፣ ብድር ገባች። በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል (የትኛው እንደሆነ ይቅር) የጡንቻ መክሳት በሽታ ነው፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም ተባለች።

የተነገራት በአማርኛ ነው። እሷ የምትሰማው ጌዴኡፋ ነው። አብሯት የሄደው ወጣት የቻለውን ያህል አስተረጎመላት። ከዚያ ሁሉ ንግግር በአእምሮዋ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ከእናት ይመጣል» የምትለዋ። ተራው የሌላ ሰው ሆነና ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ የሆነውን መገመት አያቅትም። የባል ዘመዶች «ይኸው፣ ከአንቺ ነው የመጣው» አሉ። ባልየው መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ ማምሸት ጀመረ። ቀጥሎም ለቀን ሥራ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ጎረቤት እርግማን ነው አለ። እሷ ራሷ ከሁሉም ብሳ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ አመነች። «ወንድሜ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» ብላኛለች፣ ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ እየሰማ!

እስቲ ልብ በሉ። ዱሼን የሚባለው ዋነኛው የልጆች የጡንቻ መክሳት በሽታ ከያዛቸው ልጆች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ለውጡ ከእናት የተወረሰ አይደለም፤ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። በቀሩትም ቢሆን እናት ሳታውቅ የተሸከመችው እንጂ አጥፍታ ያመጣችው አይደለም። ዓይኗ ጥቁር ሆኖ መፈጠሩ ጥፋት ነው እንዴ? ይህን አረጋግቶ በጌዴኡፋ ለማስረዳት፣ ባልየውንም ጠርቶ አብሮ ለማስቀመጥ ስንት ብር ይፈጃል? ምን ዓይነት ማሽን ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃል? የሚጠይቀው አንድ የሠለጠነ ሰው፣ አንድ ክፍልና ሁለት ወንበር ነው። ይህ ባለመኖሩ አንድ ቤት ፈረሰ። በሽታው ልጁን ብቻ ነበር የያዘው፤ እናቲቱንና ትዳሩን የጣለው ግን ዝምታው ነው።

ሌላም ጥያቄ ነበራት። ሌላ ትንሽ ወንድ ልጅ አላት። «እሱም እንዲህ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን! ጋዜጠኛውን! የሚመልስላት ሰው አጥታ።

«ጥቂት ናቸው» የምትለዋ ማምለጫ

ይህን ጉዳይ ይዤ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ያነጋገሩኝ ሰው ትሑት ናቸው፤ ሻይም አዘውልኛል። መልሳቸው ግን አጭር ነበር። «እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ለጥቂት ሰው መደብ አይከፈትም፤ ርዳታ ድርጅት ከመጣ እናስተናግዳለን።»

ጥቂት? እንግዲህ እንቁጠር። ከ7 ሺህ በላይ ብርቅዬ በሽታዎች እንዳሉና በዓለም ላይ ወደ 300 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከእነሱ ጋር እንደሚኖር የዓለም የጤና ጉባኤ ራሱ ተቀብሎታል። እያንዳንዱ በሽታ ለብቻው ብርቅ ነው፤ ሲደመሩ ግን ሕዝብ ናቸው። ተመራማሪዎች ከዓለም ሕዝብ ዝቅ ቢል 3.5 በመቶው ብርቅዬ በሽታ አለበት ይላሉ። በ1999 ዓ.ም በተደረገው ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ ከ840 ሺህ በላይ ነበር። በዚህ በአሮጌው ቁጥር እንኳ ብናሰላው ወደ 30 ሺህ ሰው ይመጣል! ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ ስንት እንደ ጨመረ ደግሞ የምናውቀው ነው። ስሌቱ የወረቀት ስሌት ነው፤ ግማሹን ጣሉት፣ ሲሶውንም ተዉት፤ የሚቀረው «ጥቂት» የሚባል አይደለም። እናትና አባት፣ እህትና ወንድም ሲጨመሩበትማ የአንድ ወረዳ ሕዝብ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ የት አሉ? ለምን አይታዩም? አይታዩማ! ጓዳ ነው ያሉት። እንግዳ ሲመጣ ከእንሰቱ ኋላ ነው የሚደበቁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገሬ ሰው፤ እዚህ ግን የሚደብቀው ሰው ቢገልጠውስ ለማን ይግለጠው? ባለሥልጣኑ አላየሁም ብሎ ጥቂት ናቸው ይላል። ቤተሰቡ የሚጠይቀው ስለሌለ ይደብቃል። ስለሚደበቅ ባለሥልጣኑ አያይም። ክቡ እንዲህ እየዞረ ዓመታት ያልፋሉ።

ወረቀት ሞልቶናል

መንግሥታችን በወረቀት አይታማም። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ በ2005 ዓ.ም ወጣ። ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም የሚዘልቅ ሌላ ስትራቴጂያዊ ዕቅድም ተከተለ። በ2012 ዓ.ም የታደሰው መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ፓኬጅ 1,018 አገልግሎቶችን ዘርዝሯል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በነፃ እንዲሰጡ ይላል፤ ለአእምሮ ጤናም ቦታ ሰጥቷል። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም ጸድቋል። ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው ማሳደግ እንዳለበት፣ አቅሙ በፈቀደ መጠንም የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መርዳትና ማቋቋም ግዴታው እንደሆነ አስቀምጧል። ልብ በሉ፣ ግዴታ ነው ያለው፤ ምጽዋት አላለም!

ከባሕር ማዶም ወረቀት አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ስለ ብርቅዬ በሽታ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ውሳኔ አሳለፈ። የዓለም የጤና ጉባኤም በግንቦት 2017 ዓ.ም ብርቅዬ በሽታዎችን የዓለም የጤና ቅድሚያ ጉዳይ አድርጎ ውሳኔ አጸደቀ። የዚህ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ማን ናቸው? የእኛው አገር ሰው፣ የቀድሞው የጤና ጥበቃ ሚኒስትራችን ዶክተር ቴዎድሮስ አድኀኖም! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ጄኔቫ ላይ የተጨበጨበለት ውሳኔ ቡሌ ደጋ ድረስ የሚወርድበት መንገድ አልተጠረገም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ርዳታ ድርጅቱ ሲሄድስ?

«ርዳታ ድርጅት ከመጣ እናስተናግዳለን» ወዳሉት ልመለስ። ጌዴኦ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ተምሮታል። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። «የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ» የምትለዋ ሐረግ በዞኑ የገነነችው ያኔ ነው፤ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር፣ ከድንኳን ጋር፣ ከባለ አንቴና መኪና ጋር። ፕሮጀክት ግን ዕድሜ አለው። ድንኳን ይነቀላል፤ ሐዘን ግን አይነቀልም። በጡንቻ መክሳት የተያዘ ልጅ ችግር የስድስት ወር አይደለም፤ ልጁ እስካለ ድረስ ነው፤ ለእናቲቱ ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው።

ይህ አልበቃ ያለው ካለ በጥር 2017 ዓ.ም የሆነውን ያስታውስ። የአሜሪካ መንግሥት ዋሽንግተን ላይ በአንድ ፊርማ የውጭ ርዳታውን አገደ። የእኛ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ዘርፍ ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። አምስት ሺህ ሰው! እንግዲህ የሌላ አገር ምርጫ ውጤት የእኛን ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው መኖርና አለመኖር የሚወስን ከሆነ፣ «መንግሥት አለን» ማለታችን ምን ማለት ነው?

ጌዴኦ ደግሞ ለማኝ አገር አይደለም። ይርጋጨፌ ቡና የዓለም ስም ነው። ያ ቡና የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ባለሥልጣኑ ሁሉ እየተጋፋ ፎቶ ተነስቷል። ቅርሱን የጠበቀው ገበሬ ነው። የገበሬው ልጅ ሲታመም ግን ከራሱ ቡና ላብ አንዲት የምክር ክፍል ተቆርሳ አትመለስለትም። ኧረ ለመሆኑ ይህ ፍርድ ነው?

አዊ ላይ ተሠርቷል

«ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በእኛ አገር ግን አይሆንም» የሚል አይጠፋም። ይሆናል! ሆኖም ታይቷል!

ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት እንውሰድ፤ በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚኖረውን ገበሬ የሚይዝ ሲሆን በዘር ተጋላጭነት ያለበት ሰው ይበልጥ ይጠቃል። በኢትዮጵያ ብርቅዬ አይደለም፤ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው እንደያዘ ይገመታል። ሆኖም ከብርቅዬዎቹ ጋር አንድ ዕጣ ነው ያለው፤ «የዘር በሽታ» ይባላል፣ ጋብቻ ይከለከላል፣ ከለቅሶና ከሠርግ ያስቀራል። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር የተደረገ አንድ ጥናት በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ የድብርት ሕመም 12.6 በመቶ ሲሆን በጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ዘንድ 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ሰዎቹ የሚኖሩት በአንድ መንደር ነው፤ ድህነቱም ያው ነው። የልዩነቱ ምክንያት እግሩና በእግሩ ምክንያት የመጣው መገለል ነው።

ከ2010 ዓ.ም ወዲህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በአዊ ዞን ወረዳዎች አንድ ነገር ሞከሩ። የእግር እጥበቱንና የጫማውን ነገር ከሥነ ልቦና ድጋፍ ጋር አጣምረው በተራው የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ በተራው ነርስና ጤና መኮንን እጅ እንዲሰጥ አደረጉ። አዲስ ሆስፒታል አልሠሩም። ከውጭ ሳይኮሎጂስት አላስመጡም። ውጤቱ ሲለካ እግሩ ብቻ ሳይሆን ድብርቱም መገለሉም ቀነሰ።

እንግዲህ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ሥራውን የሠራው ጤና ጣቢያ የእኛ ነው። ነርሷ የእኛ ናት። ሕመምተኛው የእኛ ነው። ለምርምሩ የከፈለው ግን የእንግሊዝ ግብር ከፋይ ነው! አዊ ላይ ለዝሆኔ የሠራ ነገር ጌዴኦ ላይ ለጡንቻ መክሳት፣ ለሄሞፊሊያና ለአልቢኖው የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? እስካሁን የነገረኝ የለም።

ለሦስት ተቃዋሚዎች ሦስት መልስ

አንደኛው «ወባ እያለ፣ ረሃብ እያለ፣ ወላድ እየሞተች ስለ ሥነ ልቦና ታወራለህ?» ይለኛል። አዎን አወራለሁ። ወባና ሐዘን አይፎካከሩም። ከወባ በጀት አንዲት ሳንቲም ተነስታ ትሰጠን አላልኩም። ከወርክሾፑ፣ ከአበሉ፣ ከባነሩ፣ ለአንድ ቀን በዓል ከሚታደለው ቲሸርት ይነሳ ነው የምለው። የአንድ ዓመቱን እስቲ ደምሩት! ደግሞስ ተስፋ የቆረጠች እናት ልጇን ለክትትል አታመጣም፤ ስለዚህ ያለችውም ጥቂት ሕክምና ከንቱ ትቀራለች። ምክሩ ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

ሁለተኛው «ዕድር አለን፣ ሽማግሌ አለን፣ ቤተ ክርስቲያን አለን፤ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ይላል። በዕድርና በሽማግሌ እኔም አምናለሁ። የጌዴኦ ሶንጎ ስንት ደም ያደረቀ ሸንጎ ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ስለ በሽታው ማን ነገራቸው? ሽማግሌውም «እርግማን ነው» ብለው ካመኑ እርቁ ከየት ይመጣል? ሶንጎው ላይ ቀርቦ «አባቶቼ፣ ይህ እርግማን አይደለም፤ የእናቲቱም ጥፋት አይደለም» ብሎ የሚያስረዳ የሠለጠነ የመንግሥት ሠራተኛ ይኑር። ያኔ ሶንጎው ራሱ መድኃኒት ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ሦስተኛው «ባለሙያ የለም» ይላል። ይህ እንኳ አያስኬድም። በዚያችው ዲላ ያለው ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው፤ መምህራኑም በአካባቢው ስለ ጭንቀትና ድብርት ያጠኑትን አሳትመዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመርስ ባለሙያ ነበረ? አልነበረም! መንግሥት ሲፈልግ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቆርጦ፣ በየቀበሌው ከ30 ሺህ በላይ አሰማራ። ሲፈለግ ይቻላል። የጎደለው ፈቃደኝነቱ ነው።

እርግጥ ባለሙያ በባዶ ሆዱ እንደማይሠራም ይታወቅ። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ ከመካከላቸው የታሰሩ ነበሩ። ሌላውን የሚያጽናና ሰው መጀመሪያ ራሱ የሚበላው ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ በቀድሞው ሥራ ላይ ተጨማሪ ሥራ በነፃ ጫኑበት ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ መደብ ክፈቱ፣ ደመወዝ መድቡ ነው የምለው።

የምንጠይቀው

ጥያቄያችን ብዙ አይደለም።

1ኛ፦ በጌዴኦ ዞን መደበኛ በጀት ውስጥ ብርቅዬና የሚያገልሉ በሽታዎች ላሉባቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ቋሚ የሥራ መደብ ይከፈት። በፕሮጀክት አይሁን፤ ፕሮጀክት ይሞታል።

2ኛ፦ ባለሙያው ጌዴኡፋ የሚችል ይሁን። በማታውቀው ቋንቋ የተነገራት እናት አልተነገራትም።

3ኛ፦ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ቢያንስ አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን አዊ ላይ እንደተደረገው ይሠልጥን፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲም አሠልጣኝና ተቆጣጣሪ ይሁን።

4ኛ፦ የሪፈር መጓጓዣና ምክሩ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይሸፈን። መክፈል የማይችለውን ደግሞ መንግሥት ይክፈልለት።

5ኛ፦ ሕሙማኑ ይቆጠሩ። ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይደርሰውም። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የእያንዳንዱን ጓዳ ታውቃለች፤ ትጠየቅና ትናገር።

በየዓመቱ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ መጨረሻ የብርቅዬ በሽታዎች ቀን በዓለም ዙሪያ ይከበራል። እዚህ አገርም ባነር ተሰቅሎ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ሻይ ቡና ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የክልሉ ምክር ቤት አባላትና የዞኑ ሹማምንት ግን የሚቀጥለውን በጀት ሊያጸድቁ ሲቀመጡ ሰነዱን ገልጠው አንድ ነገር ይፈልጉ፤ በመላው ዞን ይህን ሥራ እንዲሠራ ደመወዝ የተቆረጠለት አንድ ሰው አለ ወይ? ካለ ስሙን ለሕዝብ ይንገሩን፤ እናቶቹን ወደ እሱ እንልካለን። ከሌለ ደግሞ እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት «ለምን የለም?» ብለው ይጠይቁ። እኛም ማን እንደጠየቀና ማን ዝም እንዳለ ስም እየጠራን እንጽፋለን።

ጆሮ ያለው ይስማ!